«ይህ ሲያልቅስ?»
ስለ ሕፃናት የሽንት ጨርቅ በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ስለ ምን እንደምናገር በጠየቁኝ ጊዜ «ስለ ሕፃናት የሽንት ጨርቅ» ብዬ ብመልስላቸው ቀልድ መስሏቸው ሣቁ። ከእናንተም መካከል አሁን ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ እሥቅ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ስብከት አዘገጃጀት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክና ስለ መሪነት ብዙ ተምሬአለሁ፤ የሽንት ጨርቅ እንዴት እንደሚታጠፍና እንዴት እንደሚታጠብ ግን ማንም አላስተማረኝም። ይህን የተማርሁት በኋላ ነው፤ የተማርሁትም ከስሕተቴ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ስሕተትና ከእርሱ ያገኘሁትን ዕውቀት ነው። ገንዘቡን የሰጣችሁት እናንተ ስለሆናችሁ፣ የት ላይ በከንቱ እንደ ወጣና የት ላይ ፍሬ እንዳፈራ ማወቅ ይገባችኋል።

ስሕተቱ

የምሠራው በደቡብ ኢትዮጵያ በምትገኝ አንዲት መካከለኛ ከተማ ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ግቢ ውስጥ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች በሳምንት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ። አብዛኞቹ የቀን ሥራ የሚሠሩ፣ ጉልት የሚቸረችሩ፣ ወይም በሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት ለወላዶች የሚሰጥ ስጦታ እንዳዘጋጅ ኀላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። ሳሙና፣ የሕፃን ብርድ ልብስና የገንፎ ዱቄት ከገዛሁ በኋላ የቀረውን ገንዘብ በሙሉ ዳይፐር ገዛሁበት። በሱቁ መደርደሪያ ላይ ሳየው ንጹሕና ዘመናዊ ነበር፤ ለእናቶቹም ክብር መስጠት መሰለኝ። ለእያንዳንዷ ሁለት ሁለት እሽግ ደረሳት፤ እነርሱም ደስ አላቸው፣ ፎቶግራፍም ተነሣን።

በዚያው ቀን ሁላችን እማማ የምንላቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እሽጉን አገላብጠው ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህ ሲያልቅስ?» አሉኝ። «እማማ፣ እግዚአብሔር ያዘጋጃል» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ። በዚያን ጊዜ መልሴ የእምነት መልስ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከጥያቄው የሸሸሁበት መልስ ነው።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ከእናቶቹ አንዷን ለመጠየቅ ወደ ቤቷ ሄድሁ። በአጥሩ ላይ ሦስት ዳይፐር ለፀሐይ ተዘርግቶ አየሁ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም፤ ዳይፐር አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ነውና። ብጠይቃት አንገቷን ደፍታ «ሽንት ብቻ ሲሆን አደርቀውና ደግሜ አደርግለታለሁ» አለችኝ። እኛ የሰጠናት ካለቀ ሰንብቷል። ከዚያ ወዲህ ከሱቅ በነጠላ ትገዛ ነበር፤ ለሌሊቱ አንድ ዳይፐር ለመግዛት ስትል የራሷን ምሳ የምትተውበት ቀን ነበር። የምታጠባ እናት ምሳዋን ስትተው ከማን እንደምትቀንስ እናንተው ፍረዱ። ሕፃኑን ገልጣ ብታሳየኝ ጭኑና መቀመጫው ደም መስሎ ቀልቷል፤ በአንዳንድ ቦታም ቆዳው ተልጧል።

«ታዲያ ለምን በጨርቅ አላደረግሽለትም?» አልኋት። የመለሰችልኝን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም። «እናቴ ያረጀ ነጠላና የአንሶላ ቁራጭ አስቀምጣልኝ ነበር፤ እናንተ ዳይፐሩን ስትሰጡኝ ጨርቅ የኋላ ቀር ነው ብዬ አፈርሁና መወልወያ አደረግሁት» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ስጦታችን ችግሯን አላቃለለላትም። ከእናቷ የወረሰችውን ዕውቀት አስጥሎ፣ ልትቀጥልበት የማትችለውን ልማድ አስለመዳት። ይህን ያደረግሁት ደግሞ በክፋት አልነበረም፤ ሳልጠይቅ በመስጠቴ ነበር።

ሒሳቡ እንዲህ ነው

ወደ ቤቴ ተመልሼ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። አንድ አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን 10 ወይም 12 ጊዜ ያህል መለወጥ ያስፈልገዋል፤ ከፍ እያለ ሲሄድ ወደ 6 ወይም 7 ይወርዳል። ዝቅተኛውን ይዘን በቀን 6 ብንል፣ በወር 180፣ በዓመት 2,190፣ በሁለት ዓመት 4,380 ይሆናል። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በብር አላሰላውም። እያንዳንዳችሁ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ በሰፈራችሁ ሱቅ የአንዱን ዋጋ ጠይቃችሁ በ4,380 አባዙት። ከዚያም ያንን ድምር ከአንድ የቀን ሠራተኛ ገቢ ጋር አስተያዩት። በነጠላ የሚገዛ ድኻ ለእያንዳንዱ የሚከፍለው፣ በእሽግ ከሚገዛው ባለጸጋ ይልቅ እንደሚበልጥም አትርሱ።

በሌላ በኩል በየቀኑ የምታጥብ እናት ከ12 እስከ 15 የሽንት ጨርቅ ይበቃታል፤ በየሁለት ቀኑ የምታጥብ ከሆነ ከ20 እስከ 24 ያስፈልጋታል። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ አቡጀዲ 18 ሜትር ቢገዛ በአራቱም ጎን እኩል የሆነ 20 ጨርቅ ይወጣዋል። በደንብ ከተያዘም ከመጀመሪያው ልጅ ተርፎ ለሁለተኛው ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላም መወልወያ ይሆናል።

ጨርቅ የኋላ ቀር ነው ለሚል ሰው ደግሞ ታሪኩን ላስታውሰው። ማሪየን ዶኖቫን የተባለች አሜሪካዊት ውሃ የማያሳልፍ የሽንት ጨርቅ መሸፈኛ ሠርታ የፈጠራ መብት ያገኘችው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ፓምፐርስ የተባለው የሚጣል ዳይፐር ለገበያ የቀረበው ደግሞ በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው የባለጸጋም የድኻም ልጅ ያደገው ዳይፐር ሳያውቅ ነው። የጌታን ልደት የሚተርከው የሉቃስ ወንጌልም ሕፃኑ በጨርቅ መጠቅለሉን ሳይጠቅስ አላለፈም። እንግዲህ በጨርቅ ማደግ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

እማማ ያስተማሩኝ

ሒሳቡን ካየሁ በኋላ ወደ እማማ ዘንድ ሄጄ «ተሳስቻለሁ፤ ያስተምሩኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ሣቁና «ወንድ ልጅ ይህን ሊማር ሲመጣ ገና ማየቴ ነው» አሉ። በዚያው ዓመት ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን በቀዶ ሕክምና ወለደች። ከበድ ያለ ነገር እንዳታነሣ ሐኪም ስለ ከለከላት፣ ለስድስት ሳምንት ያህል የሽንት ጨርቅ የማጠቡ ሥራ የእኔ ሆነ። ጎረቤቶቼ በአጥር ላይ እያዩ ሣቁብኝ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ስለ ማጠቡ ብዙ ጊዜ ሰብኬ ነበር፤ ሳፋው ፊት ስቀመጥ ግን ስብከቴን ገና እንዳልጀመርሁት ተረዳሁ።

ከእማማ የተማርሁትንና ከጤና ባለሙያዎች ጠይቄ ያረጋገጥሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ከመካከላችሁ አያቶችና አራሶች ስላላችሁ ለራሳችሁም ይጠቅማችኋል።

ስለ ጨርቁ። ጨርቁ ጥጥ መሆን አለበት። ናይሎንና ፖሊስተር ሽንት አይመጥም። ያረጀ ነጠላ፣ ያረጀ የጥጥ አንሶላ፣ የሳሳ ጋቢ ከአዲስ ጨርቅ ይልቅ ይለሰልሳል፣ ይመጥማልም። አዲስ አቡጀዲ ከሆነ ሙጫው እስኪለቅ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ ሽንቱ በላዩ ላይ ይንሸራተታል። ወፍራም አድርጎ ደራርቦ መስፋት አያስፈልግም። አንድ ስስ ጨርቅ ሲታጠፍ ወፍራም ይሆናል፣ ሲዘረጋ ግን ሳሙናው ሁሉንም ቦታ ያገኘዋል፤ ቶሎም ይደርቃል። ዳር ዳሩን መቀምቀም ብቻ ይበቃል።

ስለ አደራረጉ። ጨርቁ በሦስት ማዕዘን ይታጠፋል፤ በመካከሉ ሌላ ትንሽ የታጠፈ ጨርቅ ይደረግበታል። ለወንድ ልጅ ውፍረቱ ወደ ፊት፣ ለሴት ልጅ ወደ መካከል ቢሆን ይሻላል። እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ ጨርቁ ከእምብርቱ በታች ይታጠፍ፤ እትብቱ በሽንት መርጠብ የለበትም። መርፌ ቁልፍ ሲደረግ የእናቲቱ ጣቶች በጨርቁና በሕፃኑ ሆድ መካከል ይግቡ፤ ቢወጋ እርሷን እንጂ ልጁን አይወጋም። መርፌ ቁልፉ አልገባ ካለ ደረቅ ሳሙና ላይ ወጋ ወጋ ቢያደርጉት ይንሸራተታል። በአፍ መያዝ ወይም ልጁ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። መርፌ ቁልፍ የሌላት በጨርቅ ቁራጭ እንደ መቀነት ልታስረው ትችላለች፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ ይበል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። የመጀመሪያው ስለ ፌስታል ነው። እንዳያሳልፍ ብለው በጨርቁ ላይ ፌስታል የሚያስሩ እናቶች አሉ። ፌስታል ሙቀቱንና እርጥበቱን አፍኖ ቆዳውን ያቆስለዋል፤ ተፈትቶ ወደ ፊቱ ቢደርስም ሕፃኑን ሊያፍነው ይችላል። በእርሱ ፈንታ ለሌሊት ሁለት ጨርቅ ደርቦ ማድረግና ያረጀ ጋቢ አጣጥፎ ከበታች ማንጠፍ ይሻላል። ሁለተኛው ስለ እግር ነው። የሕፃኑን እግሮች ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል የዳሌውን አጥንት ከቦታው ሊያናጋ ይችላል። እግሮቹ እንደ ልባቸው ይታጠፉ፣ ይከፈቱም። እናቶቻችን በአንቀልባ ሲያዝሉን እግራችን በጀርባቸው ግራና ቀኝ ይከፈት ነበር፤ ለዳሌም የሚስማማው እንደዚያ ያለው አያያዝ ነው።

አስተጣጠቡ

አንደኛ፣ ዓይነ ምድሩ ወደ መጸዳጃ ጕድጓድ ይራገፍ። በብዙ ቦታ «የሕፃን ዓይነ ምድር ንጹሕ ነው» ይባላል። ይህ ስሕተት ነው። እንደ አዋቂው ሁሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጥ፣ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን አሉበት። በየሜዳው ሲጣል ዝንብ ይራባበታል፤ ያው ዝንብ የዓይን ማዝን ከልጅ ወደ ልጅ ያዛምታል። ጨርቁንም ሰው ውሃ ከሚቀዳበት ምንጭ ወይም ወንዝ ውስጥ ማጠብ ጎረቤትን ማስታመም ነው።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ። በሙቅ ውሃ ከተጀመረ እድፉ ይተኮስና ይጣበቃል። ወዲያው የማይታጠብ ከሆነ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ። የክዳኑን ነገር አደራ፤ መዳህ የጀመረ ሕፃን ጥቂት ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሊሞት ይችላል።

ሦስተኛ፣ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና ይታሽ። ሳሙና ሲበዛ ንጽሕና የሚበዛ ይመስለናል፤ ነገር ግን በጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙና ቆዳ ያቃጥላል፣ ጨርቁም መምጠጥ ያቆማል። በረኪና ጨርቁን ይበላዋል፤ በደንብ ካልለቀቀም የሕፃኑን ቆዳ ይጎዳል። አንዳንድ እናቶች ጋቢና ነጠላ እንደሚያጥቡበት እንዶድ ይጠቀማሉ። እንዶድ ጥሩ አረፋ ያለው የአገራችን ሳሙና ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያገኙት ይህንኑ ተክል ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ግን ለሕፃን ገላ ስለሚኮሰኩስ ለሽንት ጨርቅ ባይሆን ይመረጣል።

አራተኛ፣ ውሃው አረፋ እስኪያጣ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ።

አምስተኛ፣ በገመድ ላይ በፀሐይ ይሰጣ። ፀሐይ በነጻ የተሰጠን መድኃኒት ናት፤ ተሕዋስያንን ትገድላለች፣ እድፉንም ታነጣዋለች። በሣር ወይም በመሬት ላይ ማስጣት ጥሩ አይደለም። ሞቃትና እርጥብ በሆነ አገር በእርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል የምትጥል ዝንብ አለች፤ ትሏ ወደ ቆዳ ገብታ እባጭ ታመጣለች። በክረምት በቤት ውስጥ ለማድረቅ ከተገደዱ በመጨረሻ በካውያ መተኮስ ሁለቱንም ችግር ያስወግዳል፤ ይደርቃልም፣ እንቁላሉም ይሞታል።

በመጨረሻም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ያ እጅ እንጀራ ይቆርሳል፣ ጡትም ይሰጣል።

መቀመጫው ቢቀላ ሕፃኑን ቶሎ ቶሎ መለወጥ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ያለ ጨርቅ አየር እንዲያገኘው ማድረግ፣ ቫዝሊን በስሱ መቀባት ይረዳዋል። ዱቄት አይነስነስበት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በሦስት ቀን ካልተሻለው፣ በዙሪያው ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣብ ከወጣ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስሕተት

ይህን ሁሉ ተምሬ እጅግ ተደሰትሁ። በሚቀጥለው ዓመት በእናንተ ስጦታ አቡጀዲ በጥቅል ገዛን፤ እናቶቹ እየሰበሰቡ ቀምቅመው አዘጋጁ፣ እማማም አስተማሩ። ነገሩ አሁን የተሟላ መሰለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ከከተማው ዳር በኮረብታው ላይ ካሉት ቤቶች የመጣች አንዲት እናት ጨርቆቹን አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ጨርቁን ሰጣችሁኝ፤ ውሃውንስ ማን ይሰጠኛል?» አለችኝ።

እውነትዋን ነበር። በእርሷ ሰፈር ቧንቧ የለም፤ ውሃ የሚገዛው በጀሪካን ነው። እኔ በቤቴ ስለካው አሥር ያህል ጨርቅ ለማጠብና ለማለቅለቅ 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ፈጅቶብኝ ነበር። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ ለነገው የመጀመሪያ ማለቅለቂያ በማስቀመጥ ትንሽ መቆጠብ ይቻላል፤ የሚገዛ ውሃ ግን ያው የሚገዛ ነው። እኔ በወረቀቴ ላይ የጨርቁን ዋጋ ጽፌ የውሃውን፣ የሳሙናውን፣ የማገዶውንና የእናቲቱን ጉልበት አልጻፍሁም ነበር። ለጨርቅ የሚከራከር ሰው ሁሉ ይህን ሒሳብ በሐቀኝነት ማቅረብ አለበት።

ጕዳዩን ለሽማግሌዎች አቀረብሁ። በቤተ ክርስቲያኒቱ ግቢ ቧንቧ አለ። እናቶቹ በሳምንት ሦስት ጠዋት መጥተው እንዲያጥቡ ቢፈቀድላቸውስ ብዬ ጠየቅሁ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ «በጸሎት ቤት ግቢ የሽንት ጨርቅ ይታጠባል?» ብለው ተቃወሙ። የውሃው ሒሳብ ከፍ እንደሚል፣ ግቢውም እንደሚቆሽሽ ተናገሩ። ያነሡት ሁሉ ተገቢ ነበር። በዚህ መካከል እማማ ከኋላ ተነሥተው «እኛስ ሁላችን፣ ይህ ሳይታጠብልን ያደግን አለን?» አሉ። ማንም ሳቅ አልቻለም፤ ማንም መመለስም አልቻለም።

በዚያ ቀን ስምምነት ተደረገ። እጣቢው ወደ ግቢው እንዳይፈስ ወንዶቹ በድንጋይና በጠጠር የተሞላ ማስረጊያ ጕድጓድ ቆፈሩ። እናንተ በላካችሁት ገንዘብ አራት ሳፋ፣ ክዳን ያላቸው ባልዲዎች፣ የሽቦ ማስጫና ሳሙና ተገዛ። እናቶቹ በተራ ግቢውን ይጠርጋሉ፤ ለውሃውም በየወሩ በመጠኑ ያዋጣሉ። የተቃወሙት ሽማግሌ በጕድጓዱ ቁፋሮ ላይ ከሁሉ ቀድመው ዶማ ያነሡ እርሳቸው ነበሩ።

በማንም ላይ ሸክም ላለመጫን

እንግዲህ ይህን ስናገር ዳይፐር ኀጢአት ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥታ ማታ የምትመለስ ሠራተኛ፣ መንታ የወለደች፣ ታማ የተኛች፣ መንገድ የምትሄድ እናት ዳይፐር ብታደርግ ማንም ሊነቅፋት አይገባም። ቀን በጨርቅ፣ ሌሊት በዳይፐር የሚያደርጉም አሉ፤ ይህም ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል። ዳይፐር የምታደርግ ብትኖር ግን የተጠቀመችበትን ደግማ አታድርግ፤ ስትጥለውም ወደ ቦይና ወደ ወንዝ አትወርውረው። ውስጡ ያለው ነገር ውሃ ሲያገኝ እያበጠ ቦዩን ይደፍናል፤ ውሻም ጎትቶ ወደ ሰው ደጅ ያመጣዋል።

ጨርቅም ቢሆን በራሱ ጽድቅ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ጨርቅ ለምድር የሚሻለው እንደ አስተጣጠቡ መሆኑን ገልጿል። በአየር ላይ ሲሰጣ፣ ብዙ ሆኖ በአንድ ጊዜ ሲታጠብና ለሁለተኛ ልጅ ሲተላለፍ ጕዳቱ ይቀንሳል፤ እጅግ በሞቀ ውሃና በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ከሆነ ግን ይጨምራል። የእኛ እናቶች ድሮውኑ በፀሐይ ያሰጡ፣ ከልጅ ወደ ልጅም ያስተላልፉ ነበር። የራሳችንን ዕውቀት ከሩቅ አገር መልሰን እንድንማረው መደረጋችን ያስገርመኛል።

የምንለምናችሁ

ወንድሞችና እኅቶች፣ በየዓመቱ በዚህ ጊዜ ምን እንላክ ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። አንዳንዶቻችሁ በቅን ልብ ዳይፐር በካርቶን ልካችኋል፤ ስለ ፍቅራችሁ አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ ግን እንዲህ ብታደርጉ እንለምናችኋለን። አሮጌ የጥጥ አንሶላና ነጠላ አጥባችሁ ስጡን። የመርፌ ቁልፍ፣ የሳሙናና የክዳን ባልዲ መግዣ ስጡን። ከሁሉ በላይ በኮረብታው ላይ ላሉት ቤቶች የውሃ መስመር ለመዘርጋት የጀመርነውን ሥራ እርዱን፤ ውሃ ከደረሰላቸው የቀረውን እናቶቹ ራሳቸው ያውቁበታል። ሌላም አንድ ነገር ልጨምር፤ ወንዶች የሆናችሁ፣ ሚስቶቻችሁ በወለዱ ጊዜ ሳፋውን አንሡላቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ያቺ በአጥሯ ላይ ዳይፐር ያሰጣችው እኅት ዛሬ ጉልት ትነግዳለች። ሕፃኑም አድጎ በስብሰባችን መካከል እየሮጠ ያስቸግረናል። ጨርቆቹን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ለጎረቤቷ አውርሳለች። አሁን በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ከእማማ አጠገብ ቆማ ለአዲሶቹ እናቶች አስተጣጠፉን የምታሳየው እርሷ ናት። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት እናት «በጨርቅ ማድረግ አያሳፍርም ወይ?» ብላ ስትጠይቃት ሰማሁ። እርሷም «እኔን ያሳፈረኝ የልጄ ቁስል ነበር» ብላ መለሰችላት።

እማማ አሁን ደክመዋል፤ ወደ ግቢው የሚመጡት በሰው ድጋፍ ነው። የእርሳቸው ጥያቄ ግን በቢሮአችን ግድግዳ ላይ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ተለጥፏል። የማንኛውም ስጦታ ዕቅድ ሲቀርብልን፣ ዱቄትም ይሁን ዘር፣ ልብስም ይሁን መድኃኒት፣ ከመፈረማችን በፊት ቀና ብለን እናነበዋለን። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ያዘጋጃል ብዬ የተውሁትን ጥያቄ፣ አሁን ከእርሱ በተሰጠን አእምሮ ቁጭ ብለን እንመልሰዋለን።

«ይህ ሲያልቅስ?»